ሃያ አራት ዲግሪ

ከኮምቦልቻ ሙቀት በሌሊት ተነስቼ
ሀረጎን ወጣሁኝ ሹራቤን ጎትቼ።
ረዳቱ በጣቱ፣ በላበው መስታወት፣
የሆነች ልጅን ስም ይጽፋል ለማጥፋት፤
እኔ ግን በሐሳብ ሽቦ እቆጥራለሁ፦
ቀዩን ከየት አሰርኩ? ነጩን የት ትቻለሁ?

ሦስት ጊዜ ደውለዋል እትዬ ሉባባ፦
«ያ ጉድ በተሰቀለ በሳምንቱ ከብርድ ጋር ተግባባ!»

ደሴ ጉም ተከናንባ ጦሳን ደብቃለች፤
ፒያሳ ላይ አንዲት ባጃጅ ታስላለች።

ቤታቸው ስገባ ቁጥሩ ያበራል፤
«ሃያ አራት» ይላል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል።
የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፤
ዕቁባቸው ሲደርስ ብርዱን ሊቀጡ
ማሞቂያውን ከነቴርሞስታቱ ያመጡ።

«‹ቁጥር አይዋሽም› ብዬ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፤
ዛሬ በገዛ ቤቴ ሲዋሽ እጅ ከፍንጅ ያዝኩ»
አሉኝ። እያንዳንዱ ቃል
ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ጭስ ይታያል።

ካቻቢቴ አወጣሁ።
ክዳኑን ፈታሁ።
ባትሪውን ለወጥሁ።
መስመሩን ስጠይቅ «አለሁ» አለኝ ቴስተሩ፤
ፊውዙ አልተቃጠለም፣ ደህና ነው ብሬከሩ።
ማሞቂያውን ለብቻው በቀጥታ ባስረው
እንደ በርበሬ ቀላ፤ እሱስ ጤነኛ ነው።
ሃያ ሲሞላ አቁም ብዬ ነበር ያዘዝኩት፤
ሳይጀምር አቆመ። በቴርሞስታቱ በኩል መልሼ ስልክበት
ቀጭ።
ጠፋ። ጨለመ።
ቁጥሩ ብቻ ቀረ፣ እንዳፈጠጠ ቆመ።

እሳቸው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ
እንደ ፈታኝ ቆሙ፣ መልሴን ሊያነቡ፦
«መመሪያውን አይተሃል?»
          «ሥዕሉን አይቻለሁ።
ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፤ ገምቼ ሄጃለሁ።»
«እና ምን ይላል?»
          «ይሞቃል ይላል።»
ሳቁ። እኔን አላበኝ በዚያ ብርድ መሀል።

ምስጋናው፣ ተለማማጄ፣ ባትሪ መብራት የያዘው፣
ከግድግዳው ተጣብቆ እንቅልፍ ሊወስደው ነው።
«ምን ይለጥፍሃል?» ብዬ ስጮህበት
ዓይኑን ሳይከፍት
«ጋሼ፣ ይሞቃል» አለኝ።

እጄን ጣል አደረግሁ።
ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ሞቀኝ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ፦ ከወዲያ በኩል ብረት ጡብ ላይ ሲንሸራተት፣
ትሪ ሲጎተት፣
አንድ ሰው ለብቻው ሲያንጎራጉር ሰማሁት።
የጋሽ ተኮላ ዳቦ ቤት! ያ ትልቁ ምድጃው
ጀርባውን የሰጠው ለዚሁ ግድግዳ ነው።
እሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ፉርኖ እየጋገረ
የእኔ ዕቃ ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤት ቤት ሲለካ አደረ።

«አየህ» አሉ እትዬ ሉባባ፣ ቀስ ብለው፣
«ቁጥሩ አልዋሸም። የጠየቅህበት ቦታ ነው።»

ነቀልኩት። በጦሳ በኩል ወዳለው፣
ጉሙ ወደሚያድርበት ግድግዳ አዞርኩት።
አሥራ አንድ አለ። ማሞቂያው ቀጭ ብሎ ቀላ።
ብር ሲዘረጉልኝ፣ «የጥፋቴን ዋጋ አልበላ!»

የድሮውን ቀዳዳ ልድፈን ስል፣
«ተወው» አሉኝ።
ወንበራቸውን ስበው፣ ከሞቃቱ ግድግዳ ጀርባቸውን አስደግፈው፣
ብዙ ዝም አሉ።
በአንድ የፍሳሽ ቱቦ ተጣልተው ከሰውዬው ጋር
ስድስት ዓመት ሙሉ ዳቦ የሚገዙት
ሸዋበር ድረስ ወርደው ነበር።
ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት
ያልተቀበልኩትን ብር ለምስጋናው ሲሰጡት ነው፦
«እዚህ ጎን ሂድና አምስት ዳቦ ግዛ።
ለማን ነው ካለህ… ንገረው።»

ልጁ ሲመለስ ፌስታሉ በእንፋሎት ታፍኗል።
እትዬ ሉባባ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ።
ቆጠሩ።
መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤
ደግመው ቆጠሩ።

ስድስት ነው።